መታወቂያና መሳፈሪያ በአንዲት ካርድ

በዩኒቨርሲቲ ለሚማር ሰው በኪሱ ከሚይዛቸው ነገሮች ሁሉ ሁለቱ በየዕለቱ ይፈለጉበታል፤ አንደኛው ማንነቱን የሚመሰክርለት መታወቂያ፣ ሁለተኛው ከመኖሪያው ወደ መካነ ትምህርቱ የሚያደርሰው የአውቶቡስ ወይም የባቡር ማለፊያ ነው። እነዚህ ሁለቱ ዛሬ በብዙ የአሜሪካና የእስያ ከተሞች በአንዲት የፕላስቲክ ካርድ ውስጥ ገብተው ይገኛሉ። ነገሩን ከላይ ከላይ የሚያየው ሰው የኪስን ሸክም ከማቅለል ያለፈ ቁም ነገር ያለበት አይመስለውም፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ የመረመረው ሰው ግን፣ ተማሪውን በስሙና በመልኩ ሊያውቀው የሚገባው ዩኒቨርሲቲና፣ የተሳፋሪውን ዋጋ መክፈል እንጂ ስሙን ሊጠይቅ የማይገባው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ሁለቱ ሥልጣኖች በአንድ አካል ሳይቀላቀሉ እንዴት ሊያድሩ እንደሚችሉ የሚያሳስብ ጥልቅ ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል። የዚህ ምዕራፍ ሐተታም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ለምሳሌ የመረጥሁት የሲያትልን ከተማና በዚያ ያለውን የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲን ነው። በዚያ ነገሩ ከተለጣፊ ወረቀት ጀምሮ እስከ ረቂቁ ቺፕ ድረስ ደረጃ በደረጃ ስላደገ ታሪኩን ከነምክንያቱ መከተል ይቻላል፤ ደግሞም ሲያትል ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ፣ በተለይም በከተማይቱ ደቡብ ምሥራቅ በሬኒየር ቫሊ ሠፈርና በአካባቢው ያሉ ወገኖቻችን ይህን ማለፊያ በልጆቻቸው እጅ ሊያዩት ስለሚችሉ፣ ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይሆንበትም። በምዕራፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የታሪኩ መነሻ የመኪና ብዛት ነው። ዩኒቨርሲቲው በአንድ ወገን በውሃ፣ በሌላው ወገን በመኖሪያ ሠፈር ተከብቦ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ተማሪውና መምህሩ፣ ሐኪሙና የጽዳት ሠራተኛው እያንዳንዱ የራሱን መኪና እየነዳ ሲመጣ መንገዱ ይጨናነቃል፤ የሠፈሩም ሰው በገዛ ደጁ መኪና ማቆሚያ ያጣል። ከዚህም የተነሣ ከተማውና ዩኒቨርሲቲው በ1983 ውል ተፈራርመው ወደ ግቢው በሚመጣው መኪና ላይ ወሰን አደረጉ፤ በግቢውም ያለው የማቆሚያ ቦታ ከ12,300 እንዳያልፍ ሆነ። ከ40,000 የሚበልጥ ተማሪ በሚማርበት፣ በዚያ ላይ እጅግ ብዙ ሠራተኛ በሚውልበት ግቢ፣ እንዲህ ያለው ወሰን ሰውን በሌላ መንገድ ማምጣትን ግድ ያደርጋል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በ1991 ዩ-ፓስ የተባለውን ማለፊያ ጀመረ። የመኪና ማቆሚያውን ዋጋ ከፍ አደረገ፤ ከዚያም ከሚገኘው ገንዘብ ከፊሉን ለአውቶቡስ ማለፊያው መደጎሚያ አዋለው፤ በዚህም በመኪናው ብቻውን የሚመጣው ሰው በአውቶቡስ የሚመጣውን ሰው ጉዞ በከፊል እንዲሸፍን ሆነ። የዚያ ዘመን ማለፊያ ከመታወቂያው ጋር የተያያዘበት መንገድ እጅግ ቀላል ነበር። ሀስኪ ካርድ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ፊት ላይ ዘመኑን የሚያሳይ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ይለጠፋል፤ ተማሪው ሲሳፈር ካርዱን ለሾፌሩ ያሳያል፤ ሾፌሩም ፎቶግራፉን ከሰውየው ፊት፣ የተለጣፊውንም ዘመን ከዕለቱ ቀን ጋር በዓይኑ አስተያይቶ ያሳልፈዋል።

ይህ ሥርዓት ዛሬ ሲያስቡት ኋላ ቀር ይመስላል፤ እኔ ግን ኋላ የመጡት ሁሉ ያላገኙት አንድ ጸጋ ነበረው እላለሁ፤ የሾፌሩ ዓይን አይቶ ይረሳ ነበርና። ተማሪው ሰኞ ጠዋት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ወረደ የሚመዘግብ መዝገብ አልነበረም። ሆኖም የመርሳት ጸጋ ለሒሳብ ሹም ጭንቅ ነው። በአውቶቡሱ ስንት ዩ-ፓስ የያዘ ሰው እንደ ተሳፈረ በእርግጥ የሚያውቅ ሳይኖር ዩኒቨርሲቲው ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶቹ የሚከፍለው ገንዘብ በናሙና ጥናትና በግምት ይታሰብ ነበር፤ ተሳፋሪው ከአንዱ ድርጅት አውቶቡስ ወርዶ ወደ ሌላው ድርጅት አውቶቡስ ሲገባም ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፈል ሌላ ክርክር ይነሣል። ተለጣፊ ወረቀትም ሊገለበጥ፣ ሊላጥ፣ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል።

በ2009 በሲያትልና በአካባቢዋ ኦርካ የተባለው ካርድ ሥራ ጀመረ። በእርሱም ሰባት መሥሪያ ቤቶች፣ አውቶቡስ የሚያሠማሩ፣ ባቡር የሚያስኬዱና በባሕሩ ወሽመጥ ላይ መርከብ የሚያመላልሱ፣ በአንድ የክፍያ ሥርዓት ተስማሙ፤ ከአንዱ አውቶቡስ ወይም ባቡር ወርዶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላው የተሳፈረ ሰው የከፈለው ዋጋ ይታሰብለታል። ዩኒቨርሲቲውም የወረቀቱን ተለጣፊ ትቶ የኦርካን ቺፕ በራሱ መታወቂያ ሆድ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲህ የተማሪው ፎቶግራፍና ስም የታተመበት፣ መጽሐፍ የሚዋስበት፣ በግቢው ምግብ ቤት ሒሳብ የሚከፍልበት ያው ካርድ በአውቶቡሱ በር ላይ ሲነካ ማለፊያ ሆነ።

ካርዱን በብርሃን ፊት አዙሮ ለሚያየው ሰው ከፕላስቲክና ከኅትመት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሽፋኖቹ ቢላቀቁ ግን በዳር በዳሩ ደጋግሞ የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ጅማት ይገኛል፤ የጅማቱም ሁለት ጫፎች ከምስር ፍሬ ከማይበልጥ ቺፕ ጋር ተያይዘዋል። ባትሪ የሚባል ነገር የለበትም። በአውቶቡሱ በር ላይ የተተከለው ማንበቢያ መሣሪያ በሰከንድ 13.56 ሚሊዮን ጊዜ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ያሰራጫል፤ ካርዱ ከ10 ሳንቲሜትር ባነሰ ርቀት ሲቀርበው ያ መስክ በጥምጥሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስነሣል፤ ቺፑም በተዋሳት ኃይል ነቅቶ ያሰላል፣ ይመልሳል፣ ካርዱ ሲርቅም ተመልሶ ያንቀላፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ሰልፉ ሳይቆም ነው፤ የለንደን ትራንስፖርት ኦይስተር ለተባለው የመሳፈሪያ ካርዱ የወሰነው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ የማይበልጥ መሆኑን ብናስብ፣ መሣሪያውና ካርዱ የሚነጋገሩበት ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ እንረዳለን።

በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። መሣሪያው አስቀድሞ በአጠገቡ ያለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ካርዱም ቁጥሩን ይናገራል። በቦርሳው ውስጥ የባንክ ካርድና የመታወቂያ ካርድ ተደራርበው ካሉ ሁለቱም በአንድነት ስለሚመልሱ መሣሪያው የትኛውን እንደሚሰማ ይቸግረዋል፤ ቦርሳውን ሳይከፍት ደጋግሞ የሚያስነካ ተማሪ ቀይ መብራት የሚበራበት፣ ከኋላው የቆመውም ሰልፍ የሚያጉረመርምበት በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ካርድ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ የመተማመን ተራ ይመጣል። ካርዱ በዕጣ እንደ ወጣ ያለ አዲስ ቁጥር በምሥጢር ቁልፍ ቆልፎ ይልካል፤ መሣሪያው እውነተኛውን ቁልፍ ካወቀ ብቻ ያን ፈትቶ የራሱንም ቁጥር ጨምሮ መልሶ ሊቆልፈው ይችላል፤ ካርዱም እንዲሁ አድርጎ ይመልሳል። ሁለቱም ቁልፉን እንደሚያውቁ እርስ በርሳቸው ተመሰካክረዋል፤ ቁልፉን ግን አንዳቸውም አልተናገሩትም፤ በመካከል ቆሞ ያዳመጠ ሌባም የሰማው ነገር ለነገ አይረባውም፤ ነገ የሚመጣው ቁጥር ሌላ ነውና።

የኦርካ ካርድ የተሠራበት ዴስፋየር የተባለው የቺፕ ዓይነት ደግሞ አንድ ታላቅ ነገር አለው። በውስጡ ያለው ቦታ ለየአገልግሎቱ ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማኅደርና የራሱ ቁልፍ እንዲኖረው ተደርጓል፤ ኢቪ1 በተባለው የዚህ ቺፕ ዓይነት እስከ 28 የሚደርሱ ማኅደሮች ሊኖሩ ይችላሉ። የአንዱን ማኅደር ቁልፍ የያዘ መሥሪያ ቤት የሌላውን ማኅደር ሊከፍት አይችልም። መታወቂያና መሳፈሪያን ለማዋሐድ የሚሻ ሰው እንግዲህ በዚህ ምክንያት በርካታ መንገድ ያገኛል። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ካርድ ውስጥ ሁለት ቺፖችን ጎን ለጎን ያኖራል፤ አንዱ ለበር፣ አንዱ ለአውቶቡስ። ሌላው በአንዱ ቺፕ ውስጥ ሁለት ማኅደር ይከፍታል። ከሁሉ የሚቀለው ግን፣ ቺፑ የትራንስፖርቱ ብቻ ሆኖ፣ ዩኒቨርሲቲው የካርዱን ቁጥር ብቻ በመዝገቡ ይዞ፣ «የዚህ ቁጥር ባለቤት በዚህ ሩብ ዓመት ይሳፈር» ብሎ ለትራንስፖርቱ መሥሪያ ቤት የሚያስታውቅበት መንገድ ነው። በዚህኛው መንገድ የተማሪው ስም ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ መውጣት አያስፈልገውም፤ አውቶቡሱ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት የሚለውን ቃል በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚይዙት አንባቢ ያውቃል። የዚያን ታላቅ ምሥጢር ቃል ለምድራዊ ዕቃ መዋስ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየፈራሁ፣ ለዚህች ካርድ የሚያስፈልጋት ሥርዓት ግን ከዚህ በተሻለ ሁኔታ የሚነገርበትን ቃል ማግኘት አልቻልሁም። ሁለቱ አገልግሎቶች በአካል አንድ ናቸው፤ ግብራቸው ግን የየራሳቸው ሆኖ መኖር አለበት። ካርድን የሚያዋሕድ መሐንዲስ ጥበቡ የሚፈተነው ሁለቱን በማጣበቁ አይደለም፤ ማጣበቅማ ተለጣፊ ወረቀትም አድርጎት ነበር።

የሁለቱ ግብር የተለያየ መሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በዘመናቸው ነው። መታወቂያ ለተማሪው የሚሰጠው ትምህርቱን እስኪጨርስ ሲሆን፣ አራት ወይም አምስት ዓመት ሊያገለግል ይችላል። የመሳፈሪያው መብት ግን በሩብ ዓመት የሚወሰን በመሆኑ ትምህርቱ ከሚሰጥባቸው ከዐሥር የሚበልጡ ሳምንታት በኋላ ያበቃል፤ ተማሪው ለቀጣዩ ሩብ ዓመት ካልተመዘገበ መታወቂያው በእጁ እያለ ማለፊያው ይሞታል። በፕላስቲኩ ላይ የታተመው ነገር ስለዚህ ስለ መሳፈሪያው ምንም ሊናገር አይችልም፤ የጊዜው ሥልጣን በማይታየው ክፍል ማደር አለበት። በመሥሪያ ቤቶቹም መካከል መብቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዩ-ፓስ በአካባቢው አውቶቡሶችና በቀላል ባቡሩ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ በዋሺንግተን ስቴት ትልልቅ መርከቦች ለመሳፈር የሚሻ ተማሪ ግን በዚያው ካርድ የገንዘብ ቋት የራሱን ገንዘብ ማስገባት ይኖርበታል። የካርዱ ሆድ እንግዲህ እስከ 2022 ድረስ ማንነትን፣ የጊዜ መብትንና ገንዘብን በአንድነት ይይዝ ነበር።

ከመዋሐዱ የሚገኝ አንድ ጥቅም አለ፤ እኔ ከሁሉ ይበልጥ ብልህነት የሚታይበት በዚህ ነው እላለሁ። ማለፊያው ለብቻው የተሠራ ካርድ ቢሆን ኖሮ ተማሪው ትምህርት በማይሄድበት ቀን ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ ማዋሱ አይቀርም ነበር፤ በእኛም ዘንድ ለዘመድ ማካፈል ደግነት እንጂ ነውር አይደለምና ይህን የሚከለክል ደንብ ብቻውን ብዙ አይሠራም። መታወቂያውን ግን ማንም አያውስም፤ መጽሐፍ የሚዋሰው በእርሱ ነው፤ የምሳ ገንዘቡም በእርሱ ውስጥ ነው። ቁጣና ቅጣት ያላደረገውን የሁለቱ በአንድ መሆን በዝምታ ያደርገዋል። ጉዳቱ ደግሞ ከዚሁ ይወጣል፤ ካርዱ የጠፋበት ተማሪ በአንድ ጊዜ ማንነቱንም መመለሻ መንገዱንም ያጣል። በመጀመሪያው የኦርካ ሥርዓት የአውቶቡሶቹ መሣሪያዎች አዲስ ትእዛዝ የሚቀበሉት ወደ ጋራዣቸው ሲመለሱ ስለ ነበረ፣ የታገደ ካርድ መታገዱ፣ አዲስ የተሞላ ገንዘብም መሞላቱ በሁሉም ዘንድ እስኪታወቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያልፍ ነበር።

በ2011 ዩኒቨርሲቲው ከሁሉ የሚበልጠውን ለውጥ አደረገ። እስከዚያ ድረስ ዩ-ፓስ ለተማሪው በፈቃድ የሚገዛ ነበር። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር አልፎ አልፎ ብቻ የሚሳፈረው ተማሪ ይተወዋል፤ የቀሩት በየቀኑ የሚሳፈሩት ብቻ ስለሚሆኑ የእያንዳንዱ ወጪ ይከብዳል፤ ስለዚህ ዋጋው እንደገና ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌሎች ይተዋሉ። እንዲህ ያለው ማኅበር በራሱ ክብደት እየወረደ መጥፋቱ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲው በ2011 መጸው ማለፊያውን ለተማሪ ሁሉ ግዴታ አድርጎ በየሩብ ዓመቱ 76 ዶላር ከትምህርት ክፍያ ጋር እንዲከፈል አደረገ። የሁሉም መታወቂያ ማለፊያ ከሆነ በኋላ፣ ተማሪ መሆንና መሳፈር መቻል አንድ ነገር ሆኑ።

በዚህ ላይ የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለም። በግቢው መኝታ ቤት አድሮ በእግሩ ክፍል የሚገባ ተማሪ፣ በሩቅ ሠፈር የሚኖረውን ባልንጀራውን ጉዞ ለምን ይከፍላል? እኔ በበኩሌ ይከፍል ዘንድ ፍትሐዊ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። በግቢው ውስጥ የሚኖር ተማሪ የሚኖርበት ቤት፣ የሚቀመጥበት ጥላ፣ የሚጫወትበት ሜዳ መኪና ማቆሚያ ሳይሆኑ የቀሩት ሌላው ሰው በአውቶቡስ ስለ መጣ ነው። ከዚህም በላይ የቤት ኪራይ ከግቢው አጠገብ እጅግ በሚወደድባት ከተማ፣ የድኻው ልጅ መኖሪያ ሩቅ፣ መንገዱም ረጅም መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የሬኒየር ቫሊን ነገር ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ቀላል ባቡሩ በዚያ ሠፈር መካከል ማለፍ የጀመረው ጁላይ 18 ቀን 2009 ነው፤ የኦርካ ካርድ በጀመረበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ባቡሩ ከደቡብ መጥቶ መሐል ከተማ ላይ ያበቃ ስለ ነበረ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድ ተማሪ ወርዶ አውቶቡስ መቀየር ነበረበት። ማርች 19 ቀን 2016 ሐዲዱ እስከ ዩኒቨርሲቲው ደረሰ፤ ከሬኒየር ቫሊ የተነሣ ተማሪ ባቡር ሳይቀይር በግቢው ጫፍ ይወርዳል። ጣቢያዎቹ የሚዘጋ በር የላቸውም፤ ቢጫውን ማንበቢያ አስነክቶ መግባት የተሳፋሪው አደራ ነው፤ ተቆጣጣሪ በባቡሩ ውስጥ ሲመጣ ካርዱ መነካቱን በእጅ መሣሪያው ያረጋግጣል። «እኔ አስቀድሜ ከፍያለሁ፤ ለምን አስነካለሁ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱ ዩኒቨርሲቲው ለመሥሪያ ቤቶቹ የሚከፍለው በእያንዳንዱ ጉዞ ቁጥር ስለ ሆነ ነው፤ ያልተነካ ካርድ ያልተቆጠረ ጉዞ ነው፤ ያልተቆጠረም ጉዞ ባቡሩን ለሚያስኬደው መሥሪያ ቤት ያልተከፈለ ነው።

አሁን ስለ ቁልፉ መሰበር መናገር ያስፈልጋል፤ ሁለት አገልግሎት በአንድ ቺፕ ሲያድር የአንዱ ቁልፍ ድካም የሁለቱም ድካም ሊሆን ይችላልና። ከዴስፋየር በፊት በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ማይፌር ክላሲክ የተባለው ቺፕ ነበር፤ የብዙ ከተሞች የመሳፈሪያ ካርድ፣ የብዙ ሕንፃዎችም የበር ካርድ በእርሱ ተሠርቶ ነበር። ጥበቃው 48 ቢት ርዝመት ባለው ቁልፍና አሠራሩ ከሰው ሁሉ በተደበቀ ስሌት የተመሠረተ ነበር። በዲሴምበር 2007 ካርስተን ኖል እና ሄንሪክ ፕሎትስ የተባሉ ተመራማሪዎች የቺፑን ገጽ ንብርብር በንብርብር እየፋቁ በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከሽቦዎቹ አቀማመጥ የተደበቀውን ስሌት ማግኘታቸውን በርሊን ላይ ገለጹ። በኔዘርላንድ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም በሚከተለው ዓመት የቁልፉን ድካም አጥንተው ሊያትሙ ሲሉ የቺፑ ሠሪ ኩባንያ ኤን ኤክስ ፒ ከሰሳቸው፤ የአርነም ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2008 ማተም እንዲችሉ ፈረደላቸው። በዚያው ዓመት በኦገስት ሦስት የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቻርሊካርድ የተባለውን የቦስተን የመሳፈሪያ ካርድ ድካም በላስ ቬጋስ ሊያስረዱ ተዘጋጅተው ሳለ የቦስተን የትራንስፖርት ባለሥልጣን የፍርድ ቤት ዕግድ አወጣባቸው፤ ዕግዱም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ለእኔ ግልጽ ነው። አሠራሩን በመደበቅ ብቻ የሚጠበቅ ቁልፍ አንድ ቀን መገለጡ አይቀርም፤ የአሠራሩ መታወቅ የማያሰጋው፣ ቁልፉ ብቻ የሚሰወርበት ሥርዓት ግን ሊጸና ይችላል። ለንደንም የኦይስተር ካርዷን ወደ ዴስፋየር ያዞረችው ከዚህ በኋላ ነው። የአውቶቡስ ካርድ ቁልፍ ቢሰበር የሚጠፋው የጉዞ ዋጋ ነው፤ በዚያው ቁልፍ የሴት ተማሪዎች መኝታ ቤት በር ወይም የመድኃኒት ቤተ ሙከራ በር የሚከፈት ከሆነ ግን ጉዳቱ በገንዘብ አይለካም። ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርትን ቺፕ ተቀብሎ ለበሮቹም ሊጠቀምበት ሲነሣ፣ ርካሽነቱን ሳይሆን የማኅደሮቹን መለያየት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ከሌባው በኋላ የሚመጣው የመዝገቡ ነገር ነው። በ2011 ኤሪክ በትለር የተባለ ፕሮግራመር ፌርቦት የተባለ የስልክ ፕሮግራም አወጣ፤ በዚያም ስልኩን ወደ ኦርካ ካርድ ያስጠጋ ሰው፣ ምንም ቁልፍ ሳያስፈልገው፣ የባለቤቱን የቅርብ ጊዜ ጉዞዎች ከካርዱ ላይ ማንበብ እንደሚችል ታየ። ገንዘቡን የሚጠብቀው ቁልፍ ጽኑ ነበር፤ የሰውየውን መንገድ የሚጠብቅ ቁልፍ ግን አልተደረገም። አውቶቡሱ ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ይህን ማድረግ ይችል ነበር ብለን ብናስብ፣ በካርዱ ፊት ላይ የተማሪዋ ስምና ፎቶግራፍ በታተመበት ጊዜ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከፋ መገመት አያዳግትም። በሆንግ ኮንግ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው ኦክቶፐስ ካርድ ከባቡር አልፎ ወደ ሱቅና ወደ ትምህርት ቤት በር ገብቶ ሳለ፣ ኩባንያው የ1.97 ሚሊዮን ያህል ደንበኞችን የግል መረጃ ለሌሎች ድርጅቶች አሳልፎ 44 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ማግኘቱ በ2010 ተገለጠ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ዋና ሥራ አስኪያጇም ሥራቸውን ለቀቁ። ኦክቶፐስን ያህል ሥራ የያዘ ካርድ ባይኖር እንዲህ ያለ ዋጋ ያለው መዝገብም ባልተከማቸ ነበር።

የዋሺንግተን ስቴት ሕግ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ሕዝብ የመንግሥትን መዝገብ እንዲመለከት የሚፈቅደው ሕግ፣ የመሳፈሪያ ካርድ ባለቤቶችን ማንነት ከሚታዩት መዝገቦች ውጭ አድርጎ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ያው ሕግ አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ የካርዱን ዋጋ በሙሉ ወይም በከፊል የሚከፍል አሠሪ ወይም የትምህርት ተቋም ማጭበርበርን ለመከላከል ሲባል መረጃውን ሊያገኝ ይችላል። ሕግ አውጪው ያሰበው አግባብ ነው፤ የሚከፍል ሰው የከፈለው ገንዘብ እንዳልተሰረቀ ማወቅ ይሻል። ይሁን እንጂ ለተማሪው ሁሉ የሚከፍለውና የተማሪውን ውጤትና ሥነ ምግባር የሚዳኘው አንድ ተቋም በሆነበት ስፍራ፣ ማጭበርበርን ለመከላከል የተከፈተው በር ወደ ሌላ ነገር የሚወስድ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከ2022 ወዲህ ይህ ሥጋት የበለጠ ከብዷል። በዚያ ዓመት በሜይ ወር አዲሱ የኦርካ ሥርዓት ጀመረ፤ በእርሱም ገንዘቡና መብቱ የሚያድሩት በካርዱ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በማእከላዊ ሒሳብ ሆነ። ካርዱ ቁጥሩን ይናገራል፤ መሣሪያው ወዲያው ማእከሉን ይጠይቃል። ካርዱ ለጠፋበት ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ካርዱ ሲታገድ ቀን መቁጠር ቀርቷል፤ አዲስ የተሞላም ገንዘብ ፈጥኖ ይታያል። ግን ቀድሞ በየካርዱና በየአውቶቡሱ ተበትኖ የነበረው የጉዞ ታሪክ በአንድ ቤት ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው መብቱ ለሚፈቅድላቸው ሠራተኞቹ ዩ-ፓስን በነጻ መስጠት ጀመረ፤ ኤም አይ ቲም ከ2016 ጀምሮ ለሠራተኞቹ በመታወቂያቸው ውስጥ ባለው ቺፕ የቦስተንን ባቡርና አውቶቡስ በነጻ ያሳፍራል። ይህን በጎ ሥራ አደንቃለሁ፤ በሌሊት ፈረቃ ሆስፒታል ለምታጸዳ ሴት የወር የመሳፈሪያ ዋጋ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም ተማሪ የሚፈራው የዘገየበትን ሰዓት መምህሩ እንዳያውቅ ሲሆን፣ ሠራተኛ የሚፈራው እንጀራውን ነው። ታምሜ ቀርቻለሁ ያለች ሠራተኛ በዚያ ቀን በስንት ሰዓት ከየትኛው ጣቢያ እንደ ተሳፈረች የሚናገር መዝገብ የመሳፈሪያዋን ዋጋ በሚከፍለው አሠሪዋ እጅ ሊደርስ የሚችል ከሆነ፣ የተዋሐደችው ካርድ ለእርሷ ስጦታ መሆኗ ይቀንሳል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲና በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መካከል በሚደረገው ውል፣ ወርኃዊው ሒሳብ በጉዞዎች ብዛት ብቻ ተደምሮ እንዲላክ፣ የአንድ ሰው ጉዞ ተነጥሎ የሚጠየቀውም ማጭበርበር በጽሑፍ ሲጠረጠር ብቻ እንዲሆን፣ ያም ጥያቄ ለካርዱ ባለቤት እንዲነገረው፣ የቆየውም መዝገብ በተወሰነ ጊዜ እንዲደመሰስ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል፤ እነዚህን ቃላት ደግሞ ውሉ ሲታደስ ጠይቀው ማስገባት የሚችሉት የተማሪዎቹና የሠራተኞቹ ማኅበራት ናቸው።